ስም ሳይዘለል

አሰላ፣ ጥቅምት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለእዮኤል፣

እንዴት ከርመሃል? የቆላው ሙቀት እንዴት አድርጎሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ። ከአዲሱ ትምህርት ቤትህ የጻፍክልኝ ደብዳቤ ከደረሰኝ ሁለት ሳምንት አልፎታል፤ መልሱን ስላዘገየሁ ይቅር በለኝ። ቤቴ ሰው ሲገባ ሲወጣ ስለሰነበተ ቁጭ ብዬ ለመጻፍ አልተመቸኝም።

የጠየቅከኝን በየተራ ልመልስ። ጉልበቴ ያው እንደምታውቀው ነው፤ ብርዱ ሲመጣ ያስታውሰኛል። ዝናቡ ዘንድሮ በጊዜው ወጥቷል፣ ስንዴው ጥሩ ነው ይላሉ። የጓደኛህ የወንድምአገኝ ስልክ የማይነሳው ዝግ ስለሆነ ነው፤ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። እሱ አንተ በሄድክ በሳምንቱ ለጋሾች ሊመዘግብ ወደ ሮቤ ወጥቶ ነበር። አሁን እዚህ ስለሌለ ነው አንተን የማስቸግርህ።

ችግሬ ይህ ነው። ሁለታችሁ የሰፈሩን የደም ለጋሾች ማኅበር ስታቋቁሙ ሳሎኔ ጥግ ያስቀመጣችሁትን ኮምፒውተር ሰሞኑን ከፈትኩት። ልጄ ወንድምአገኝ እንዳሳየኝ ጥቁሩን መስኮት አመጣሁና «ደም» የሚለውን ትዕዛዝ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፍኩ። እንደ ወትሮው የሚስጥር ቃሉን ጠይቆኝ የለጋሾቹን ስም ይዘረዝርልኛል ብዬ ስጠብቅ «ኮማንድ ኖት ፋውንድ» አለኝ። ትዕዛዙ አልተገኘም ማለቱ እንደሆነ ገብቶኛል። ያልገባኝ የት ሄደ የሚለው ነው። ደግሜ ጻፍኩ፣ ያንኑ መለሰልኝ። በአውራጃው ጽሕፈት ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ታይፕ የመታሁ ሴት ሦስት ፊደል አልሳሳትም።

የምቸኩለው ለከዲጃ ነው። ከአጥር ወዲያ ያለችው ጎረቤቴ ከዲጃ እንደገና ነፍሰ ጡር ናት። ባለፈው ወሊዷ ብዙ ደም ፈሷት ወንድምአገኝ በሰጣት ደም እንደተረፈች አንተም ታውቃለህ። ደሟ ያ በቀላሉ የማይገኘው ኦ ኔጌቲቭ ነው። ቀኗ ታኅሣሥ ከሃያ በኋላ ነው፤ ሐኪሟ ከዚያ ሳምንት ቀደም ብሎ ሁለት ሰጪ ተገኝቶ ይጠብቅ ብለዋታል። ሰፈር ውስጥ ብንጠይቅ ሰዉ የደሙን ዓይነት አያውቅም። የአራት መቶ ሰው ስም፣ የደም ዓይነትና ስልክ እዚያ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ተቀምጧል፤ እኔ ደግሞ ደጃፉ ላይ ቆሜያለሁ።

ምን ላድርግ? ለሕፃን እንደምታስረዳ አድርገህ ጻፍልኝ። አልቀየምም።

እናትህ አሰፋች


ደቡብ ኦሞ፣ ኅዳር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎ ለእትዬ አሰፋች፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ደህና ነኝ። ወባ አንድ ጊዜ ጎብኝታኝ ሄዳለች፤ ርዕሰ መምህራችን አቶ ወልደአማኑኤል አንሶላቸውን ሳይቀር አልብሰው አስታመሙኝ። እኚህ ሰው ምሳ ያለ እኔ አይበሉም። እዚህ ኔትወርክ የለም፤ ደብዳቤም የሚወጣው በሳምንት አንድ ቀን ወደ ጂንካ በሚሄደው አይሱዙ ነው። ስለዚህ መልሴ ከዘገየ የመንገዱ ነው፣ የእኔ አይደለም።

አይጨነቁ እትዬ። «አልተገኘም» ማለት ጠፋ ማለት አይደለም። ኮምፒውተሩ ትዕዛዝ ሲነግሩት የት የት ሄዶ እንደሚፈልግ የተጻፈለት የአድራሻ ዝርዝር አለው። እዚያ ላይ ያሉትን ቤቶች አንድ በአንድ ያንኳኳል። ካጣው «የለም» ብሎ ይመለሳል። ጎረቤት አይጠይቅም። የሚፈልገው ነገር አንድ በር አልፎ ተቀምጦ ቢሆን እንኳ አያየውም። ከእንዲህ ዓይነቱ ሞኝ ጋር ነው የምንሠራው።

እኔና ወንድምአገኝ «ደም» የሚለውን ፕሮግራም ያስቀመጥነው በእሱ ስም በተሰየመ ፎልደር ውስጥ ነው። የዚያ ፎልደር አድራሻ ከዝርዝሩ ላይ ወድቆ ይሆናል ብዬ ጠርጥሬያለሁ። በዚህ ወረቀት ጀርባ ሁለት መስመር በእንግሊዝኛ ጽፌልዎታለሁ። የመጀመሪያውን ሲጽፉ የሚፈልግባቸውን አድራሻዎች ይነግርዎታል። ሁለተኛውን ሲጽፉ ያሉትን ፎልደሮች ይዘረዝራል። የሚያወጣውን ሁሉ ሳይቀንሱ ሳይጨምሩ ገልብጠው ይላኩልኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ይህን አላምነውም ነበር፤ የእርስዎን ግልባጭ ግን ከራሴ ዓይን በላይ አምነዋለሁ።

ሌላም ልጠይቅዎት። ወንድምአገኝ ከሮቤ አልተመለሰም እንዴ? ይሄ ለእሱ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ሮቤ ምን ያደርጋል? ጂንካ በወጣሁ ቁጥር እደውልለታለሁ፣ ዝግ ነው። ወደ እርስዎም ደውዬ ነበር፤ አላነሱልኝም። ተቀይሞኝ ከሆነ ሳይሸሽጉ ይንገሩኝ።

ለከዲጃ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። እኔም ኦ ኔጌቲቭ መሆኔን ትወቀው፤ ርቀቱ ነው እንጂ።

አክባሪ ልጅዎ እዮኤል


አሰላ፣ ኅዳር 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለእዮኤል፣

ሰላምታዬ ይድረስህ። ወባዋ ዳግመኛ እንዳትመጣብህ አጎበር ስር ተኛ። አቶ ወልደአማኑኤልን እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ሰው በሌለበት አገር ሰው ማግኘት ትልቅ ነገር ነው፤ ይህን ሳነብ ምን ያህል እፎይ እንዳልኩ አታውቅም።

ያዘዝከኝን ፈጽሜያለሁ። እንደ ድሮው ማስመሪያ ከመስመሩ ሥር እያስገባሁ ነው የገለበጥኩት። የአድራሻ ዝርዝሩ ላይ ስድስት አድራሻ አለ። ሁሉንም በሌላው ወረቀት ላይ በእንግሊዝኛ ታገኘዋለህ። የወንድምአገኝ ፎልደር አድራሻ አልወደቀም፣ ስድስተኛው ላይ አለ። ሁለተኛው ትዕዛዝ ያወጣቸው ፎልደሮች ደግሞ አምስት ናቸው፤ ሰነድ፣ ፎቶ፣ ዘፈን፣ የማኅበሩ ደብዳቤዎች፣ ወንድምአገኝ።

በመሐሉ አንድ የኮምፒውተር ጠጋኝ ቤት ድረስ አስመጥቼ ነበር፤ ነህምያ ይባላል፣ ትሁት ነው። አየና «እማማ፣ ይሄ ድሮ የቀረ ነው፣ አጥፍቼ ዊንዶውስ ልጫንልዎ» አለኝ። አራት መቶው ሰውስ ስለው «ባክአፕ አላችሁ?» አለ። ሻይ አጠጥቼ ሸኘሁት። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል፤ እኔ ደግሞ ለመልቀም ጉልበቴ አይታጠፍም።

ስለ ወንድምአገኝ የጠየቅከኝን በተመለከተ፣ አልተቀየመህም። ይህን አስረግጬ እነግርሃለሁ። አንድም ቀን ክፉ ቃል ሲናገርብህ አልሰማሁም። ስልክ ያላነሳሁልህ ጆሮዬ ሰሞኑን ስለማይሰማ ነው።

ከዲጃ ጠዋት ጠዋት በአጥሩ ላይ ብቅ ትልና «አካም ቡልቴ፣ አዴ»፣ እማማ እንዴት አደሩ፣ ትለኛለች። ስለ ደሙ አንድ ቀን አንስታ አታውቅም። ሆዷ ገፍቷል። ዓይኗ ግን ወደ ሳሎኔ መስኮት ሲሄድ አያለሁ።

አሰፋች


ደቡብ ኦሞ፣ ኅዳር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ አሰፋች፣

እንደምን አሉልኝ? ደብዳቤዎ ደርሶኝ ሦስት ቀን ሙሉ ከእሱ ጋር ስታገል ሰነበትኩ። ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌ ሳየው ተማሪዎቼ አዲስ ትምህርት መስሏቸው ደብተራቸው ላይ ገለበጡት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከላኩልኝ ግልባጭ ላይ ስህተት የለም። አድራሻው አለ፣ ቤቱም አለ፣ ስማቸውም አንድ ነው። እንዲህ ከሆነ ደግሞ ትዕዛዙ መሥራት ነበረበት። ማሽን ሞኝ ነው እንጂ ውሸታም አይደለም። ስለዚህ አንድ ቦታ ላይ ዓይን የሸወደው ነገር አለ ማለት ነው። የአድራሻው ስምና የፎልደሩ ስም ፊደል በፊደል መግጠም አለባቸው። አንዲት ፊደል ብትጨመር፣ አንዲት ክፍት ቦታ ብትገባ፣ ለእሱ ሌላ ሰው ነው፤ አያውቀውም። በእርስዎ ሥራ መጠርጠሬ ያሳፍረኛል። ቢሆንም እባክዎ ስድስተኛውን አድራሻና አምስተኛውን ፎልደር ጎን ለጎን አድርገው አንድ ጊዜ ይዩልኝ።

አሁን ደግሞ የሆዴን ልንገርዎ። አልተቀየመህም ብለውኛል፤ እኔ ግን የሠራሁትን አውቀዋለሁ። መስከረም ሁለት መናኸሪያ ሲሸኘኝ «አራት መቶ ሰው ደሙን አምኖ ሰጥቶን አንተ ጥለኸኝ ትሄዳለህ» አለኝ። እኔም «እንጀራ በማያበላ ሥራ ላይ ቁጭ ብለህ እርጅ» ብዬው አውቶቡስ ውስጥ ገባሁ። አልተሳሳምንም። በመስኮት እንኳ ዞሬ አላየሁትም። እዚህ ትኩሳቱ ሲይዘኝ የማየው መናኸሪያው ላይ ቆሞ እጁን ኪሱ ውስጥ እንደከተተ ነው።

ስለዚህ ለእሱ ለብቻው ጽፌያለሁ። እዚህ ውስጥ የታሸገችው ፖስታ የእሱ ናት። ከሮቤ ሲመለስ፣ ወይም ወደዚያ የሚሄድ ሰው ካገኙ፣ በእጁ ይስጡልኝ። ሌላ ሰው አይክፈታት። መልስ ባይጽፍልኝም ግድ የለም፤ ማንበቡን ብቻ ይንገሩኝ።

ልጅዎ እዮኤል


አሰላ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ እዮኤል፣

ይህን ደብዳቤ የሚሰጡህ አቶ ወልደአማኑኤል ናቸው። በፖስታ ሳጥንህ ያልላክሁት አውቄ ነው። ለእሳቸው ለብቻቸው ጽፌ ማለዳ ሰው ይዘው እንዲመጡ፣ አጠገብህም እንዲቀመጡ ለምኛቸዋለሁ። አሁን ካጠገብህ ከሌሉ አጥፈውና ሄደህ ጥራቸው። እስኪመጡ አታንብብ።

ወንድምአገኝ አርፏል፣ ልጄ። መስከረም ዘጠኝ ቀን ከሮቤ ሲመለስ የተሳፈረበት ሚኒባስ ተገልብጦ እዚያው ነው ያረፈው። አልተሰቃየም ብለውኛል። አንተ ከሄድክ ሳምንት ነበር። ዘመድ ጎረቤቱ ሁሉ ለአንተ እንዳይነገር ተማማለ፤ ሩቅ አገር፣ የሚይዘው ዘመድ በሌለበት፣ መርዶ በደብዳቤ አይነገርም አሉ። ለገና ስትመጣ በማለዳ ተሰብስበን ልንነግርህ ነበር። እኔም እሺ አልኩ። ልክ ነው ብዬ ብቻ አይደለም፤ አንተ ዘንድ ገና በሕይወት አለ። «ሁለት ወር ሙሉ ሮቤ ምን ያደርጋል?» ብለህ ስትጽፍ አንብቤ አልቅሼ ደስም አለኝ። ከመላው ዓለም ልጄን ይመጣል ብሎ የሚጠብቀው አንድ ሰው አንተ ነበርክ።

የነገርኩህ ሁሉ እውነት ነው። ሮቤ ሄዷል፣ ስልኩ መሳቢያ ውስጥ ነው፣ አልተቀየመህም። አንዱን ብቻ ዋሽቼሃለሁ፤ ጆሮዬ ደህና ይሰማል። የማላውቀው ቁጥር ሲደውል አንተ መሆንህን አውቄ ነው ያላነሳሁት።

ሌላው ጥፋቴ ከዚህ ይከፋል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንዲሉ አሁን ልናገር። ጥቅምት አሥራ ስምንት አርባው ወጣ። በማግስቱ ኮምፒውተሩን ስከፍት ስሙ እንደ ሕያው ሰው ባዶውን ተጽፎ አየሁት። የሞተ ሰው ስም ሲነሳ ነፍስ ይማር ሳይባል አይታለፍም፤ እኔ ደግሞ ስሙን በየዕለቱ ላየው ነው። የፎቶውን ጀርባ፣ የመጻሕፍቱን የውስጥ ገጽ፣ ስሙ ያለበትን ሁሉ እየዞርኩ ነፍስ ይማር ስጽፍ ሰንብቻለሁ። ፎልደሩም ላይ እንደዚያው ከስሙ በፊት ጨመርኩበት። ክፉ መሥራቴ አልመሰለኝም።

ግልባጩን ስጠየቅ ግን ያን ቃል ብጽፍልህ መርዶህ ሊሆን ነው። ስለዚህ ዘለልኩት። ሠላሳ አንድ ዓመት ሹም ሲቆጣኝም፣ ጽሑፉ ስህተት መሆኑን እያወቅሁም፣ ከፊቴ ካለው ወረቀት አንዲት ቃል ዘልዬ አላውቅም። በሕይወቴ አንድ ጊዜ ዘለልኩ፣ እሱንም አንተን ላምታታ። ፊደል በፊደል መግጠም አለበት ያልከውን ሳነብ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ገባኝ።

ቃሉን ላጠፋው ቁጭ ብዬ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። አርባው የወጣ ልጄን ነፍስ ይማር በእጄ ልፋቀው? ሳላጠፋው የሚስተካከልበት መንገድ ካለ ጻፍልኝ። ከሌለም ጻፍልኝ፣ አደርገዋለሁ። የከዲጃ ሐኪም የሰጧት ቀን ታኅሣሥ ሃያ ሁለት ነው፤ ልጅቷ ሐዘንተኛ ላለማስቸገር ብላ አፏን ይዛ ነው የምትሄደው።

የታሸገችው ፖስታ እኔ ዘንድ ናት። አልከፈትኳትም።

አልቅስ ልጄ። አቶ ወልደአማኑኤል አሉ፤ አትፈር።

እናትህ አሰፋች


ጂንካ፣ ታኅሣሥ 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ አሰፋች፣ እግዚአብሔር ያጽናዎ። እኔንም ያጽናኝ።

አቶ ወልደአማኑኤል ከሁለት መምህራን ጋር ማለዳ መጡ። በሩን ከማንኳኳታቸው በፊት የኮቴውን ብዛት ስሰማ አወቅሁት፤ የማን እንደሆነ ብቻ ነበር ያላወቅሁት። ሦስት ቀን ትምህርት ቤቱ ለቅሶ ቤት ሆነ። የማያውቁት ሰዎች ወንድምአገኝን አለቀሱለት። እነዚያ ስሙን ከጥቁር ሰሌዳ ላይ የገለበጡት ልጆች እንኳ መጡ።

አልቆጣሁም። መጀመሪያ ቀን ተቆጥቼ ነበር፤ ሦስት ወር ሙሉ በሕይወት አለ ብዬ ስቀየመው ስለኖርኩ። አሁን ግን ሳስበው እኔም እርስዎን ብሆን ያንኑ አደርግ ነበር።

ትናንት ከዚህ ደውዬልዎ ሁለታችንም ያው ስናለቅስ ካርዱ አለቀ፤ ስለ ኮምፒውተሩ አንድ ቃል አልተነጋገርንም። ስለዚህ ይህን ለአውቶቡሱ ረዳት ሰጥቼ ልኬያለሁ፣ ከፖስታው ይቀድማል። ለገና እመጣለሁ፤ ፈተና አርመን ካልጨረስን ከዚያ በፊት አልችልም።

ጥፋቱ እርስዎ ያሉት ነው። ኮምፒውተሩ የተነገረው ወንድምአገኝ ወደሚባል ቤት ሂድ ነው። ሄዶ ሲያይ በሩ ላይ ሌላ ስም አለ፤ ባዕድ ነው ብሎ ይመለሳል። ፕሮግራሙም ዝርዝሩም እዚያው ውስጥ ደህና ናቸው። ሁለት መንገድ አለ።

አንዱ የጨመሩትን ቃል ማጥፋት ነው። አንድ ደቂቃ አይፈጅም፣ አይሳሳትምም።

ሌላው ቃሉ እንዳለ ሆኖ ማሽኑን አዲሱን ስም ማስተማር ነው። አድራሻው በአራት ቦታ ተጽፏል፣ ሁሉም ቦታ መቀየር አለበት። በቃሎቹ መካከል ክፍት ቦታ ካለ ሁለት ሰው ይመስለዋል፤ በሰረዝ መያያዝ አለባቸው። በሌላው ወረቀት አሥራ አንድ መስመር ጽፌልዎታለሁ። አንዲት ነጥብ ብትሳሳት ትዕዛዙ እንደገና ይጠፋል፤ እርስዎ ግን አይሳሳቱም።

የትኛውን ያድርጉ ብዬ ልመክርዎ አልችልም። ያንን ቃል ያጥፉ ብዬ እርስዎን የማዘው እኔ ማን ነኝ? ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ሲሉ እሰማ ነበር፤ እንዲህ በአሥራ አንድ መስመር የሚታዘዝ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ሲከፈት የሚከተሉት፣ ወንድምአገኝ ያወጣው ደንብ ከስክሪኑ ግርጌ በፕላስተር ተለጥፏል፤ ያውቁታል። ከላይ ጀምሮ፣ ስም ሳይዘለል ይደወል። ማንም ለወዳጁ እንዳያዳላ፣ ማንም እንዳይረሳ ነበር።

ልጅዎ እዮኤል


አሰላ፣ ታኅሣሥ 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ እዮኤል፣

አውቶቡስ ውስጥ ሆነህ ይሁን ገና ፈተና እያረምክ ይህ የሚደርስህ አላውቅም። ካልደረሰህም መጥተህ እኔው ዘንድ ታነበዋለህ። ዝም ብዬ ልቆይ ብል ግን የሆዴ ነገር አላስቀምጥ አለኝ።

ደብዳቤህ የደረሰኝ ታኅሣሥ አሥራ ስምንት ነው። አሥራ አንዱን መስመር ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መሥራት የምችለው ነገር ነበር። ቀና ስል ከዲጃ በሩ ላይ ቆማለች፣ ሁለት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። «አዴ፣ ዛሬ ብርዱ በርትቷል» አለችኝ። አራት ቀን ቀርቷታል። አንዲት ነጥብ ብሳሳትስ ብዬ አሰብኩ። የልጄ ነፍስ በእግዚአብሔር እጅ ናት፣ እኔ ፎልደር ላይ ስለጻፍኩላት አይደለም የምትማረው። የዚህች ልጅ ነፍስ ግን ዛሬ በእኔ እጅ ናት። ወረቀትህን አጠፍኩና ቃሉን አጠፋሁት። ከኋላ ጀምሬ፣ ፊደል በፊደል። ስሙ ባዶውን ቀረ። ከዚያ «ደም» ብዬ ጻፍኩ።

ታዘዘ። የሚስጥር ቃሉን ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። የኦ ኔጌቲቮቹን አውጣ አልኩት።

የመጀመሪያው ስም ወንድምአገኝ ነው። የመጨረሻ የሰጠበት ቀን ሰኔ አሥራ አራት። ሦስት ወር አልፏል። ከጎኑ «መስጠት ይችላል» ይላል።

ከዲጃ ማንበብ ባትችልም ከፊቴ ላይ አነበበችው መሰለኝ፣ መጥታ ትከሻዬን ያዘችኝ። ደንቡ እዚያው ከስክሪኑ ግርጌ ተለጥፏል፤ በራሱ የእጅ ጽሑፍ ነው። አንድ ጊዜ ዘልዬ ምን እንዳመጣሁ አይቻለሁ። ስለዚህ ልጄ ጋ ደወልኩ። ስልኩ መሳቢያ ውስጥ ዝግ መሆኑን እያወቅሁ ደወልኩ። ያቺ ሴትዮ በአማርኛ፣ በኦሮምኛም፣ በእንግሊዝኛም ማግኘት እንደማይቻል ነገረችኝ። እስከ መጨረሻው አዳመጥኳት። ከዚያ ከስሙ አጠገብ ምልክት አደረግሁና ወደ ሁለተኛው ስም አለፍኩ።

ሁለተኛው አንተ ነህ። አንተም ጋ ደወልኩ፤ ያችው ሴትዮ ናት። ሦስተኛው ሁሴኖ ይባላል፣ የኢተያ ሰው፣ ኮምባይነር ነጂ። በመጀመሪያው ጥሪ አነሳ። የስንዴውን አጨዳ ለሌላ ሰጥቶ በማግስቱ መጣ፣ ጸጉሩ ላይ ገለባ እንዳለ። «ወንድምአገኝ ራሱ ነው እንዴ ያስደወለዎት?» ሲለኝ አዎ አልኩት። አራተኛዋ ኢፍቱ እዚሁ አሰላ አስተማሪ ናት፤ ከክፍል ወጥታ ሄዳ ሰጠች።

ከዲጃ ትናንት ማታ ሴት ልጅ ወለደች። ደሙ አስፈልጓታል፣ ሁለቱም ከረጢት ገባላት። ዛሬ ጠዋት ሄጄ አየኋት፤ ፊቷ ነጭ ነው እንጂ ሾርባ ጠጥታለች። ልጅቱ አፍንጫዋ ሰልካካ ነው። ለአንተ እንድነግር አዛኛለች፣ ለእሱም በዱዓዋ አልረሳውም ብላኛለች።

ደብተሩ ከሮቤ ከቦርሳው ጋር መጥቶልኝ ነበር። እዚያ የመዘገባቸው አሥራ አንድ ሰዎች ናቸው። ትናንት ሁሉንም አስገባኋቸው። አንዱ ጋ ስልኩ አሥር አሐዝ መሆን ሲገባው ዘጠኝ ጽፏል፤ እንዳለ ገለበጥኩት። አንተ ስትመጣ ደውለን እናጣራዋለን።

አሁን የማዝህ ሥራ አለኝ። ከስሙ አጠገብ ለምን መስጠት እንደማይችል ልጽፍ ስል ማሽኑ አራት ምርጫ ሰጠኝ፤ ታሟል፣ ነፍሰ ጡር ናት፣ ከአገር ወጥቷል፣ ስልክ ቀይሯል። ያረፈ ሰው የሚሆንበት ቦታ አልሠራችሁም። አልወቅሳችሁም። የሃያ አራት ዓመት ልጆች ሆናችሁ ነው የሠራችሁት፤ ለምን ታስቡት?

ስትመጣ አጠገቤ ትቀመጥና ቦታውን ትሠራልኛለህ። አሥራ አንዱንም መስመር ያን ጊዜ አብረን እንጽፈዋለን፣ ነፍስ ይማሩም ወደ ቦታው ይመለሳል፤ እስከዚያ ባዶውን ይቆየኝ፣ እሱ ይረዳኛል። ከዝርዝሩ ግን እንዳታወጣው። ከላይም አታውርደው። የሚደውል ሰው ሁሉ መጀመሪያ ስሙን አይቶ ይለፍ። አዲሱን ምርጫ ደግሞ «ሞቷል» ብለህ አትጻፍልኝ። «ሰጥቷል» በልልኝ። ሰባት ጊዜ ነው፤ ቆጥሬዋለሁ።

ፖስታህ ከፎቶው ሥር ናት፣ እንደታሸገች። መቃብሩ ድረስ እኔ አደርስሃለሁ፣ አንተ ራስህ ታነብለታለህ። እኔ ትንሽ ራቅ ብዬ እቆማለሁ፤ እንደምታውቀው ጆሮዬ ደህና ይሰማል።

ጃኬት ይዘህ ና። እዚህ ብርድ ነው።

እናትህ አሰፋች